የየኔታ ድምፅ በየኔታ ቤት

የየኔታን ድምፅ ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ስመለስ ነው። የኔታ ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ባለ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው፤ አባቴም በጎረምሳነቱ እሳቸው ዘንድ ተምሯል። እኔ ደግሞ እዚያው አማኑኤል ከተማ ውስጥ የኮምፒዩተር መምህርት ነበርኩ። ሾፌሩ ፍላሹን ሲሰካ መዝሙር ጠብቄ ነበር። የመጣው ግን የእሳቸው ድምፅ ነው።

«ቅኔህ እኮ ቤት አልመታ አለ ልጄ! ሜዳ ላይ ልታሳድረው ነው?»

ቀጥሎ የተማሪው ስም ተጠራ፣ አገሩም ተጠራ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። የእኔ ፊት ግን በእፍረት ጋለ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ሌላ ተማሪ ለጥናት ብሎ የየኔታን ጉባኤዎች ለወራት በስልኩ ሲቀዳ ቆየ። ከዚያ መዝሙር ሊያስጭን ደብረ ማርቆስ ሄዶ የስልኩን ካርድ ለባለ ሱቅ ሰጠ። የባለ ሱቁ ኮምፒዩተር ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ገለበጠ፤ ከዚያ ወዲያ ከካርድ ወደ ካርድ እየተባዛ አገር አዳረሰ።

በማግስቱ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ሰምተዋል። የተገሠጸው ተማሪ አፍሮ፣ አኩፋዳውን አንግቶ አምበር አካባቢ ወዳለው አገሩ ገብቷል።

«ስልክ ያለው ከጉባኤዬ ይውጣ ብያለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ሻካራ ነበር። ሐኪም ጉሮሮአቸውን አይቶ ንግግር እንዲቀንሱ ነግሯቸዋል።

«የኔታ፣ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ካርዱ ሰው እጅ ስለገባ ነው።»

«እኔ ተማሪዬን የምገሥጸው በቤቴ ነው፤ ገበያ አውጥቼ አይደለም። ያ ልጅ እኮ ሄደ!»

ጉሮሮአቸው እየደከመ ነው፤ ትምህርቱ ካልተቀዳ ሊጠፋ ነው። የተቀዳው ደግሞ ይኸው ጉድ አፍልቷል። እዚያው ደጃቸው ላይ እንደቆምኩ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«የኔታ፣ ድምፅዎ ከዚህ ግቢ ሳይወጣ ተማሪዎቹ ቢሰሙትስ?»

«እንዴት ተደርጎ?»

«ኮምፒዩተሩ እርስዎ ቤት ይቀመጣል። አንቴና ያላት ትንሽ ሣጥን ድምፁን እስከ አጥርዎ ድረስ ትረጨዋለች። ኢንተርኔት አይገባበትም፤ ከውጭ ያለ ሰው አያገኘውም።»

«ቁልፉስ?»

«በእርስዎ እጅ ነው።»

አተኩረው አዩኝ። «አንቺስ ትሰሚዋለሽ?»

ይህን አልጠበቅሁም። «ስሠራው እሰማለሁ። ስጨርስ ቁልፉን ይለውጡታል፤ ከዚያ በኋላ እኔም አልሰማም።»

«ተማሪው ራሱ በሌላ ስልክ ቢቀዳውስ?»

«እሱን ማሽን አይከለክለውም፣ የኔታ። እሱን የሚከለክለው የእርስዎ ትምህርት ነው።»

ሳቁ። «እንዳትዋሺኝ ነበር የፈራሁት። በይ ሥሪው።»

ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ይሁን በክንፍ አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነበረው፤ ወሰድኩት። ለእኔ ሥራ ስክሪን ምን ያደርግልኛል? ባትሪው አንድ ሰዓት ይይዛል፤ መብራት ድንገት ቢጠፋ እንኳ ማሽኑ ቀጥ አይልም። ለአንቴናዋ ሣጥን፣ ለራውተሯ ማለቴ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ የሶላር ባትሪ በቃት።

ላፕቶፑን ስከፍተው አንድ እፍኝ አቧራ ወጣ። ሳስነሣው ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ አለና ዝም አለ። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ሦስት ጩኸት። እንዲህ ሲል ሜሞሪው አልተነበበለትም ማለት ነው። ሜሞሪውን ነቅዬ ወርቅማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ አሸት አሸት አድርጌ መለስኩት። በተዋስኩት ስክሪን ላይ ብርሃን ፈነጠቀ! ብቻዬን እልል አልኩ። አከራዬ «ምን ተገኘ?» ብለው እየሮጡ መጡ። «ሜሞሪ ነው እትዬ» አልኳቸው። ሜሞሪ የሚባል ዘመዴ የመጣ መስሏቸው «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» ብለው ተመለሱ።

ከጓደኛዬ በሲዲ ያገኘሁትን ነፃ ሲስተም ጫንኩበት። ተማሪው የቀዳቸውን ጉባኤዎች ሁሉ ከካርዱ ገለበጥኩ፤ ስልክ ሲከፍተው ዝርዝራቸውን የሚያሳይ ገጽም ሠራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ከተማሪዎቹ አራቱ ብቻ ናቸው ለዚህ የሚሆን ስልክ ያላቸው፤ ሌሎቹ በየትከሻቸው ላይ ተደራረቡ። ገጹ ተከፈተ። ሁሉም «ኦ!» አለ። አንዱን ሲነኩት ግን ድምፅ የለም። ሌላውን ነኩ፤ እሱም ዝም።

ጥቂት ፈትሼ እንደደረስኩበት፣ ጉባኤዎቹ የተቀዱበት አሮጌ ስልክ ድምፁን የሚያስቀምጥበት መንገድ አዲሶቹ ስልኮች ገጽ ላይ የሚያነቡት ዓይነት አልነበረም። ሁሉንም ኤምፒስሪ ወደሚባለው፣ ማንኛውም ስልክ ወደሚያነበው ዓይነት መለወጥ ነበረብኝ። እዚያው መደብ ላይ ተቀምጬ ማስለወጥ ጀመርኩ፤ የኔታ አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ «ስንት ቀረው?» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ተማሪ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ብድግ አለ።

«የኔታ ናቸው! ጉባኤ ቃና እየነገሩ ነው!» አጭሩን፣ ባለ ሁለት ቤቱን ቅኔ ማለቱ ነው።

የኔታ ስልኩን ተቀብለው አዳመጡ። «ያኔ ድምፄ ጥሩ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ቁልፉን የምንመርጥበት ሰዓት ደረሰ። የይለፍ ቃል ሰው በቀላሉ የማይገምተው፣ እንደ ስምና እንደ ዓመት ያልሆነ መሆን እንዳለበት አስረዳኋቸው። አቋረጡኝ።

«ገባኝ። ሰሙን ማንም ያገኘዋል። ወርቁ ይሁን።»

ከራሳቸው ቅኔ ግማሽ መስመር በልባቸው መረጡ። ፊደሎቻችን በላቲን እንዴት እንደሚጻፉ ለትልቁ ተማሪ አሳየሁት፤ እሳቸው መስመሩን በጆሮው ነግረውት እሱ ሲጽፍ ፊቴን አዞርኩ። ዛሬም አላውቀውም።

ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልጋል ስላቸው ክርክር ጠብቄ ነበር። «መጽሐፍ አንድ ብቻ ከሆነ እሳት ይበላዋል» አሉና ቅጂውን የያዘችውን ዲስክ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስቀመጧት።

ከዚያ የኔታ ወደ አምበር ሰው ላኩ። «የገሠጽኩህ ግሣጼ እኔ ቤት ተቀምጧል፤ መጥተህ በእጅህ አጥፋው» ብለው። ልጁ በሳምንቱ መጣ። ጫማቸውን ሊስም ሲያጎነብስ አነሡት። ከሚኒባሱ ልናጠፋለት እንደማንችል ነገርኩት፤ «አውቃለሁ» አለ። ከማጥፋቱ በፊት ግን ይሰማው እንደሆነ የኔታ ጠየቁት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማው።

«የኔታ፣» አለ በመጨረሻ፣ «እውነትም ቤት አይመታም።»

የኔታ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሁላችንም ሳቅን። ልጁ በጣቱ ነክቶ አጠፋው፤ ከዕቃ ቤቷ ዲስክም ላይ እንዲሁ። አኩፋዳውን ከትከሻው አውርዶ ምስማር ላይ ሲሰቅለው እንባዬ መጣ።

በሁለተኛው ዓመት የየኔታ ድምፅ ጨርሶ ከሹክሹክታ አላልፍ አለ። ተማሪዎቹ ግን በግቢው ባሉት ጎጆዎቻቸው የቀድሞውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ከዚያ መጥተው የየራሳቸውን ቅኔ ይነግሯቸዋል፤ እሳቸውም ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ያርማሉ። አንድ ቀን ከደብረ ኤልያስ አንድ መሪጌታ መልእክተኛ ሰደዱብኝ። «ድምፅ ከቤት ሳይወጣ የሚሰማበት ዕቃ አለሽ አሉ። ለእኛስ?» የሚል ነው መልእክቱ።

በዚያው ሳምንት ወደ ጠጋኙ ሄጄ ስክሪኑ የተሰበረ ሌላ ላፕቶፕ እንዳለው ጠየቅሁት። ሁለት ነበረው። ሁለቱንም ወሰድኳቸው።