ፊት የሌላቸው መላእክት

እጸገነት የጨርቁን መልአክ በክሩ አንጠልጥላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ሁለት ዓይን አለው። ከዓይኖቹ ሥር በቡናማ ቀለም የተሳለ ቀጭን አፍ አለው። አፉ ፈገግ ብሏል።

መልሳ አስቀመጠችውና ሌላ አነሳች። እሱም ፊት አለው። ቀጥሎ ያነሳችውም እንደዚያው።

ቀና ስትል ከጠረጴዛው ማዶ የቆመችው ኢኽላስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ታያታለች። ከኢኽላስ ጎን እናቷ ኩልሱም የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መተላለፊያው አዙረዋል። የሚያልፈውን ሰው የሚያዩ ይመስላሉ።

"ማነው? ደንበኛ ነው?" አሉ ኩልሱም።

"እኔ ነኝ እትዬ ኩልሱም። እጸገነት።"

"እጹ! ነይ ወዲህ፣ እጅሽን ስጪኝ። ካዛንቺስ ፈረሰ ተብሎ እኛም ፈረስን?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ የጠፉት። ልጅቷ ባትደውልልኝ የት ብዬ አገኝዎት ነበር?"

"ሩቅ ነው ያለነው፣ ሩቅ። ኮንዶሚኒየሙን እንኳ አልጠላሁትም። ደረጃው ነው የገደለኝ። ዓይኔ ደግሞ በቃ እንደምታይው ነው። ሞራ ነው ብለውኛል፤ ተራ ጠብቂ ተብያለሁ።"

እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆዩ። እጸገነት በሌላ እጇ አሁንም መልአኩን ይዛለች።

ባዛሩ ደምበል አካባቢ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው የተተከለው። ድንኳን ከድንኳን ተጠጋግቶ ሸክላ፣ የቆዳ ቦርሳ፣ ማር፣ በሙዝ ቅጠል የተሠራ የቤተልሔም በረት ይሸጣል። ለገና ጥቂት ቀን ስለቀረው ብዙው ሰው የሚጠይቀው የዛፍ ጌጥ ነው። እጸገነትም የመጣችው ለዚያ ነው። ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ላለ አንድ ፔንሲዮን ዕቃ ገዥ ናት፤ ከአንሶላ እስከ አምፖል በእሷ እጅ ያልገባ ዕቃ እዚያ ቤት የለም። ካዛንቺስ ተወልዳ ካዛንቺስ ነው ያረጀችው፣ ራሷ እንደምትለው። ዘንድሮ እሷም ከሩቅ በሁለት ታክሲ ነው ሥራ የምትገባው።

ከኩልሱም ጋር ያስተዋወቃት መጋረጃ ነው። ኩልሱም ያኔ ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበራቸው፤ የፔንሲዮኑን መጋረጃ በሙሉ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ከመጋረጃው የተረፈውን ሳተን መጣል አልሆንላቸው ሲል ጥጥ ጠቀጠቁበት፣ የስንደዶ ክንፍ ቀጠሉለት፣ መልአክ ሆነ። "ለገና ዛፋችሁ ይሁን" ብለው ለእጸገነት ሰጧት። ጭንቅላቱ ከነጭ አቡጀዲ የተሰፋ ድቡልቡል ነገር ነው። ዓይን የለውም፣ አፍ የለውም።

የፔንሲዮኑ ባለቤት አቶ አብርሃ አገላብጠው አዩትና፣ "ይሄ ሳይጨርሱት የተሰጠሽ ነው። ውሰጂና ዓይን ያድርጉለት" አሉ።

ወሰደችው።

"ልብሱን እሰፋለሁ፣ ክንፉንም እቀጥላለሁ" አሉ ኩልሱም። "ፊት ግን አልሠራም። ነገ ፈጣሪዬ ፊት ቆሜ 'በይ ለሠራሽው ነፍስ ዝሪበት' ብባል ምን ልመልስ ነው?"

"ለኛ በዓል መልአክ ሰፍተው ሰፍተው ዓይኑ ላይ ሲደርሱ ነው ሃይማኖትዎ ትዝ ያለዎት?"

"ሂጂ ወዲያ! ጨርቅ ነው የሰፋሁት። ዓይን ካወጣ ሌላ ነገር ይሆናል።"

እጸገነት እንዳለ መልሳ ወሰደችውና ሰቀለችው። በሳምንቱ ከጎንደር የመጡ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ዛፉ ፊት ቆመው አይተው አይተው፣ "ልክ ነው። የመልአክ ፊት ማን አይቶ ያውቃል?" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ አብርሃ ነገሩን የራሳቸው ሐሳብ አስመስለው ለገባ ለወጣው ያወራሉ። ፊት የሌለው መልአክ የቤቱ ምልክት ሆነ። ኩልሱምም በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ይሰፉ ጀመር፤ ሌሎች ሱቆችም ቢሮዎችም ይወስዱላቸው ነበር። ያ ሁሉ ደንበኛ ሰፈሩ ሲነሳ ወዳልታወቀ አቅጣጫ ተበተነ።

አሁን ባዛሩ ላይ ከእጸገነት ጎን አንዲት ወጣትና ጓደኛዋ ቆሙ።

"ኦ ማይ ጋድ፣ እየው እስቲ! ሲስቅ ደግሞ!" አለች ወጣቷ። "አንተን ነው የሚመስለው፣ ስትዋሽ።"

"በቃ ውሰጂው። ቢያንስ እሱ ዝም ብሎ ይሰማሻል።"

ኢኽላስ ቶሎ ብላ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ኩልሱም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁን እስኪርቅ ተከተሉት።

"እትዬ እጸገነት፣ ከኋላ ሌላ ቀለም አለ። ይምጡ ላሳይዎት" አለች ኢኽላስ፤ ክንዷንም ይዛ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ወሰደቻት። እዚያ ባዶ ካርቶን እንጂ ሌላ ቀለም የለም።

"እንዳይነግሯት።"

"አንቺ ነሽ የሣልሽው?"

"እኔ ነኝ። እሷ ስትሰግድ።"

"ስትሰግድ!"

"ሌላ ጊዜ ከአጠገቤ አትጠፋማ! ምን ላድርግ? የመጀመሪያ ቀን እንዳለ ነበር ያወጣነው። ሰው እያነሳ 'ውይ፣ ያስፈራል' እያለ ሲያስቀምጥ ዋለ። አንዷማ 'ሬሳ መሰለኝ' አለች። እማ ሰምታ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ዋለች። ካዛንቺስ እያለን የሚያውቀን ነበር የሚገዛን። እዚህ አላፊ ነው። አላፊ ሰው ማለቴ... የሚያየው ነገር መልሶ ካላየው አይቆምም።"

"ብታውቅስ?"

"በምን ታውቃለች? በጣቷ እንዳታገኘው ብዬ እኮ ነው በክር ያልሠራሁት።" ኢኽላስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኃጢአቱም የኔ ነው። ያላወቀችውን አትጠየቅበትም። እርስዎ ብቻ ዝም ይበሉልኝ።"

እጸገነት ልጅቷን አየቻት። ከጠዋት ጀምሮ በእግሯ የቆመች፣ ከሩቅ ሰፈር እናቷን ደግፋ ታክሲ የምታጋፋ፣ ሐኪም ቤት የምትሰለፍ ልጅ ናት። ክፋት አላየችባትም።

"እሺ" አለች። እሺ ያለችው ከዚያ ከካርቶን መሐል ለመውጣት ያህል ነው።

ሲመለሱ ኩልሱም እየጠበቁ ነበር።

"ኢኽላስ፣ ለእጹ ሻይ አምጪላት።"

"እማ፣ ሰው ጥዬ የት ልሂድ?"

"እሷ ትሸጥልኛለች። ሕይወቷን ሙሉ ስትገዛ ኖራ፣ አንድ ቀን ትሽጥ። ሂጂ።"

ኢኽላስ እየዞረች እያየች ሄደች። ኩልሱም ኮቴዋ እስኪጠፋ ቆዩ። ከዚያ ጠረጴዛውን በእጃቸው ዳብሰው አንድ መልአክ አነሱና አውራ ጣታቸውን በጭንቅላቱ ላይ ቀስ አድርገው አሻሹ።

"እጹ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ 'ሲስቅ፣ ሲያምር' ይላል። ይሄ ጨርቅ በምኑ ነው የሚስቀው? ልጄን ብጠይቃት 'የዘመኑ አነጋገር ነው እማ' አለችኝ። የዘመኑ አነጋገር ነው?"

እጸገነት ኢኽላስ ወደ ሄደችበት ዞራ አየች።

"እኔ ዳብሼ ምንም አላገኘሁበትም። አንቺ ዓይን አለሽ።" መልአኩን ዘረጉላት። "ፊት አለው?"

የለውም ማለት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ሄዶ የሚያጣራ ማንም የለም። ነገር ግን እጸገነት እንዲህ ያለውን ዝምታ ከወዲያኛው በኩል ታውቀዋለች። ወንድሟ አርአያ መቀሌ የሞተ ጊዜ መርዶው እስኪነገራት ድረስ የሚያውቃት ሰው ሁሉ ሰምቶ ነበር። ወጉ ነው፤ ዘመድ ተሰባስቦ፣ ቀን ተመርጦ በማለዳ በር ይንኳኳል። እስከዚያው እሷ አንሶላ ስትረከብ፣ ከዘበኛው ከሃድጉ ጋር ስትቀላለድ ሰነበተች። ለቅሶው አልፎ፣ ሙት ዓመቱም አልፎ፣ ዛሬም የሚቆረቁራት እነዚያ ቀናት ናቸው። ሃድጉ እያወቀ አብሯት ይስቅ ነበር።

"አለው" አለች።

የኩልሱም አውራ ጣት ባለበት ቆመ።

"ምን ዓይነት?"

"ዓይንና አፍ። በቀለም ነው።"

"ሁሉም?"

"ያየኋቸው ሁሉም።"

"የተሸጡትም እንግዲህ..."

"እነሱም።"

ኩልሱም መልአኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከማዶ ያለው የሙዚቃ ማጉያ ይጮኻል፤ ማር ሻጩ "ቅመሱ፣ በነፃ ነው" እያለ ይጣራል። ክንፉን በጣታቸው እያስተካከሉ፣ "ያምራል?" አሉ።

"ያምራል። እጇ ጥሩ ነው።"

"የአባቷ እጅ ነው። ታፔላ ይጽፍ ነበር።"

ኢኽላስ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ደረሰች። እናቷን አየች፣ እጸገነትን አየች። ብርጭቆዎቹን ስታስቀምጥ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

"ነገሯት? እሺ ብለውኝ አልነበር?"

"ብዬሻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ጠየቁኝ" አለች እጸገነት።

"እሷን ተያት" አሉ ኩልሱም። "ከኔ ጋር ተነጋገሪ። ለኔ ብለሽ ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ግን 'የእናቴ እጅ ነው' እያልሽ ነው የምትሸጪው። ያልሰማሁሽ መሰለሽ?"

"እና ምን ይሁን? እንጣላቸው? ሬሳ ነው ይበሉን?"

"መርፌና አቡጀዲ አምጪ።"

ኢኽላስ ቦርሳውን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ እናቷ እግር አጠገብ ጣለችውና ማር ሻጩ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

ኩልሱም ከነጩ ጨርቅ በመቀስ ክብ ክብ እየቆረጡ በእያንዳንዱ ፊት ላይ ይለብጡ ጀመር። ዓይን አላስፈለጋቸውም፤ ጣታቸው ጠርዙን እየመራ መርፌው ይከተላል። ያቃታቸው አንድ ነገር ነው፤ ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት። ያንን እጸገነት ትሠራላቸዋለች። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ክሩን በምራቋ አርጥባ ታስገባለች፣ ታቀብላለች፣ ሌላውን ትቀበላለች። ፔንሲዮኑ ሁለት ጊዜ ደወለላት፤ አላነሳችም።

አንዲት ሴትዮ ቆማ አየቻቸውና፣ "ምነው እማማ፣ የሚያምር ፊታቸውን ለምን ይሸፍኑታል?" አለች።

"ታኅሣሥ አይደል? ብርድ እንዳይመታቸው" አሉ ኩልሱም ቀና ሳይሉ።

ሴትየዋ ሳቀችና አንድ ገዛች። ማር ሻጩ ጋ የተቀመጠችው ኢኽላስም ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እጸገነት ካለችበት አይታይም ነበር።

"የተሸጡትን ምን አደርጋለሁ?" አሉ ኩልሱም ወደ መጨረሻው ላይ። ድምፃቸው የምሬት አልነበረም፤ የረሱትን ዕቃ የት እንዳስቀመጡ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። "በየሰዉ ቤት ተሰቅለው ይስቃሉ።"

እጸገነት የሚቀጥለውን መርፌ አቀበለቻቸው።

ወደ ማምሻው ለፔንሲዮኑ የሚበቃውን በካርቶን ይዛ ተነሳች። ኢኽላስ ከማር ሻጩ ጋ ተመልሳ ጠቀለለች፣ አሰረች፣ ሒሳቡን ተቀበለች። ደህና ይሁኑ እንኳ ሳትል ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች። ኩልሱም ግን እጸገነትን ጎንበስ አድርገው ጉንጯን ሳሟት፤ ከሳሟት በኋላም እጃቸውን ፊቷ ላይ ትንሽ አቆዩት።

አቶ አብርሃ በማግስቱ ዛፉን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "ዘንድሮ ጭንቅላታቸው ምነው ወፈረ?" አሉ።

"ደርበውላቸው ነው" አለች እጸገነት። እሳቸውም ከዚህ በላይ አልጠየቁም።

የኩልሱም የቀኝ ዓይን ሞራ በመጋቢት ተገፈፈ። ኢኽላስ በዓመቱ ባዛሩ ላይ በራሷ ስም ጠረጴዛ ተከራይታ ፊት ያላቸውን አሻንጉሊቶች ሸጠች። ኩልሱም ከዚያ በኋላ መልአክ አልሰፉም፤ ለፔንሲዮኑ የላኩት የጨርቅ ኮከብ ብቻ ነበር።