የጋሽ ተክለጻድቅ ጋቢ

እትዬ ጥሩወርቅ ጎረቤቴ ናቸው። እዚህ ሶዶ የእኔ ሱቅና የእሳቸው ቤት በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ማስነጠስ ይጀምራሉ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም እስከ ሰባት። እኔ ስኳር እየመዘንኩ «ይማርዎ!» እላለሁ። «ያኑርህ፣ ከድር!» ይላሉ። ከጡረታ ወዲህ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ የሚውሉበት ቀን ብዙ ነው፤ አንዳንድ ቀን ያቺው «ያኑርህ» ብቻ ናት።

ባለቤታቸው ጋሽ ተክለጻድቅ የአይሱዙ ሹፌር ነበሩ። ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። ልጅ አልወለዱም። የቀረው ጋቢያቸው ነው፤ እትዬ አንድም ቀን አጥበውት አያውቁም። «ሽታው ይለቃል» ይላሉ። ምን ዋጋ አለው! አፍንጫቸው ከተደፈነ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እንኳን የጋቢ ሽታ፣ እያረረ ያለ ወጥ አይሸታቸውም።

ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ነው። ባጃጅ ነጂው ኤርካሎ «እትዬን ሳይነስ ነው የያዛቸው» ይላል። እኔ ደግሞ የብርድ ወገን ነበርኩ። ቪክስ የሸጥኩላቸው እኔ፣ «ሲተኙ ራስዎን ይከናነቡ» ያልኳቸውም እኔ ነኝ። በምን እንደሚከናነቡ ግን አልጠየቅኩም። ቆላ ወርደው ቢጠና ከተማ እህታቸው ዘንድ ሲሰነብቱ ይሻላቸዋል፤ «አላልኩም? ሙቀቱ ነው!» ብዬ ስንቴ ደረቴን ነፍቻለሁ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ!

በመጨረሻ ኦቶና ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ፣ በእምነት የምትባል ወጣት፣ አፍንጫቸውን በመብራት አየች። ማሳከኩን፣ እንደ ውኃ መፍሰሱን፣ ጠዋት መባሱን አንድ በአንድ ጠየቀች።

«ቢጠና ሲሄዱስ ምን ለብሰው ነው የሚተኙት?»

«የእህቴን ብርድ ልብስ።»

«እዚህስ?»

«የባለቤቴን ጋቢ፤ ታጥቦ አያውቅም።»

ብርድም ሳይነስም አይደለም፣ የአቧራ አለርጂ ነው አለቻቸው። በየቀኑ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት አዘዘች፤ ፍራሹ ፀሐይ ይሙቅ፣ ጋቢው በፈላ ውኃ ይታጠብ አለች።

ሁሉንም አደረጉ። ጋቢውን ብቻ በፌስታል ቋጥረው እኔ ሱቅ አስቀመጡት። «አፍንጫዬ ሲከፈት አንዴ ላሽትተው፤ ከዚያ አጥበዋለሁ» አሉኝ። እሺ ብዬ ከሩዙ ጆንያ ጀርባ አኖርኩላቸው።

ወር ሲሞላው ባለቤቴ ሶፍያ ቅቤ ስታነጥር ሽታው ቤታቸው ድረስ ገባ። ወዲያው እትዬ «ሸተተኝ!» እያሉ እየሮጡ መጡ። ፌስታሉን ፈትተው ፊታቸውን ጋቢው ውስጥ ቀበሩ። የጠበቁት የናፍጣና የሳሙና ሽታ ነበር፤ ጋሽ ተክለጻድቅ ከመንገድ ሲመለሱ የሚሸቱትን። ቆይተው ቀና አሉ።

«ቪክስ ነው» አሉ። «ቪክስና እኔ። እሱ የለም።»

በእጄ የሸጥኩት ቪክስ አንገበገበኝ።

የዚያኑ ቀን አጥበው አሰጡት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ጸጥ አለ። መዳናቸው ደስ ይለኛል፤ ሱቁ ግን ጭር አለብኝ። ባለፈው ሰኞ ስኳር እየመዘንኩ ሳለ ግድግዳው ተንኳኳ።

«ከድር!»

«አቤት፣ እትዬ!»

«አላስነጠስኩም» አሉ። «ቢሆንም እስቲ በለኝ።»

«ይማርዎ!» አልኳቸው።

«ያኑርህ፣ ልጄ።»