ቴሌቪዥኑ ነው የሚጮኸው

እህቴ አትሄድም! ዛሬ ጠዋት እማ ደላላው ጋ ደውላ፣ «ልጄ ቀርታለች፣ ሌላ ሰው ፈልግ» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ከደስታዬ ብዛት ትምህርት ቤት እስክደርስ ሮጥኩ። የመካነ ሰላም ጭቃ ደግሞ ሩጫ አይወድም፤ ጫማዬን ሁለቴ አስቀርቶብኛል።

ነገሩን ያመጣው ግን ደስ የሚል ነገር አይደለም። ቀልድ ነው።

እህቴ ከአረብ አገር የተመለሰችው አምና ነው። የቤታችን ቆርቆሮ ግማሽ ላይ ስለቆመ ደግማ እንድትሄድ ተወስኖ፣ ሻንጣዋ በሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። የወሰነችው እማ ናት። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስልክ እልክልሻለሁ ብላኛለቻ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ማታ እማ፣ እህቴና እኔ፣ ጎረቤታችንም ጭምር፣ አምሽቶ የሚመጣውን የቀልድ ፕሮግራም እያየን ነበር። ጎረቤታችን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሳቅ የሚወዱ ሴት ናቸው፤ ቴሌቪዥናቸው ከተበላሸ ወዲህ ቅዳሜን እኛ ቤት ያመሻሉ።

መጨረሻ ላይ አንድ ወንድ ተዋናይ ሻሽ አስሮ፣ የአረብ አገር ሠራተኛ ሆኖ ወጣ። በአንድ እጁ መጥረጊያ ይዞ፣ ስልኩን ሻሹ ውስጥ ወትፎ ከእናቱ ጋር ያወራል። እመቤቲቱ ከኋላው «ያላ! ያላ!» እያለች ጫማ ትወረውርበታለች። እሱ ጎንበስ ቀና እያለ በቀጭን ድምፅ፣ «ደህና ነኝ እማ፣ ቴሌቪዥኑ ነው የሚጮኸው!» ይላል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ሊገለኝ ነው!» አሉ ጎረቤታችን፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

«እኔም እንደዚያ ነበር የምለው» አለች እህቴ።

«ምን?» አለች እማ፣ ሳቋ ሳያልቅ።

«ቴሌቪዥኑ ነው።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች መሳቃቸውን ቀጠሉ።

ትዝ አለኝ። ጁምዓ ጁምዓ ስትደውል ከኋላዋ የሴት ጩኸት ይሰማ ነበር። «አንቺ፣ ቀንሺው እንጂ!» እላታለሁ። እሷም ትስቃለች።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች እማ።

«ለማን ልንገር እማ? አንድም ቀን ብቻሽን አናግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

እውነቷን ነው። እኛ ሰፈር ከአረብ አገር ሲደወል ስልክ ጆሮ ላይ አይደረግም። ድምፁ እስከ መጨረሻው ተለቆ መሀል ይቀመጣል። ጎረቤት ይጠራል፤ ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋል፤ እሷም ከማዶ አሚን ትላለች። ስልኩን ይዞ ውጭ የወጣ ሰው «የላከችውን ሊደብቅ ነው» ይባላል። ታዲያ ያ ሁሉ ጆሮ ፊት ምን ትበል? «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ሰላም።»

ያን ማታ ነገረችን። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑ ሥር ትተኛ እንደነበር። የበሩ ቁልፍ ከአሠሪዋ አንገት ወርዶ እንደማያውቅ። ምድጃ ነካኝ ያለችን የክንዷ ጠባሳ የካውያ እንደሆነ። ጠባሳው እኮ ቁርጥ የካውያ ጫፍ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ እንዴት አላየነውም?

ጎረቤታችን ሊሄዱ ሲነሱ፣ «አብሽሪ ልጄ» አሏት፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት። «ስትደውዪ ቀድሜ የምመጣው እኔ ነበርኩ።»

እማ ሻንጣውን ጎትታ ከፈተችና የታጠፉትን ልብሶች አንድ በአንድ እያወጣች እንደገና ታጥፋቸው ጀመር።

ቆርቆሮው ዛሬም ግማሽ ላይ ነው፤ ክረምቱም እየመጣ ነው። እህቴ ቁልፍ ሲንቃጨል ትደነግጣለች። ካቻምና ለክፍል ድርሰት «እህቴ በአረብ አገር ተደስታ ትኖራለች» ብዬ ጽፌ ተጨብጭቦልኛል። ይሄኛውን ድርሰት መጀመሪያ ያነበበችው እሷ ራሷ ናት። «ካውያውን እንዳትሰርዢው» ብቻ ነው ያለችኝ።

እናንተም ማዶ ሰው ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልጋብዛችሁ። በሚቀጥለው ስትደውል ስልኩን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ውጡ፤ ጎረቤት ያለውን ይበል። ከኋላዋ ጩኸት ከሰማችሁ ማን እንደሆነ ጠይቋት። ቶሎ ካልመለሰች አትዝጉባት፤ ጠብቋት።