መድኃኒትዎ ደርሷል

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ምን ይወጣዋል? ሕመምተኞቿ «እታለም» የሚሏት የዚች ነርስ ዕድሜ ቢጨመቅ የሚወጣው መታመን ነው። ጠጉሯ እስኪሸብት የሰው ደም ግፊት ስትለካ ኖራለች፤ ዋጡ ካለች ተዋጠ፣ ኑ ካለች ተመጣ ነው።

ይህንኑ መታመን ተመራማሪዎች ጤና ጣቢያዋ ድረስ መጥተው ቀዱት። በስልክ የሚያስታውስ ማሽን ሕመምተኛውን ከቤቱ ያስወጣው እንደሆነ ለመፈተን፣ ሰው የሚያውቀው ድምፅ ፈለጉ። ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው፣ «እኔ ነኝ፣ እታለም። መድኃኒትዎ ደርሷል፤ ነገ ይምጡ» አስባሏት። ደስም ብሏት ነበር፤ ለምን ይዋሻል?

ከዚያ መድኃኒቱ አለቀ። ማሽኑ ግን መደወሉን አልተወም።

ግፊት ያለባቸው አንድ አናጢ ሽማግሌ በሴት ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጡ። ባዶውን መደርደሪያ አዩና፣ «አንቺው ጠርተሽ አንቺው ልትመልሺኝ?» አሏት።

«አባባ፣ የደወልኩት እኔ አይደለሁም፤ ማሽን ነው።»

«ታዲያ ማሽኑ መንትያሽ ነው? ድምፅሽን ላጣው!»

እታለም እንደበገነች የጥናቱ አስተባባሪ ቢሮ ገባች። «ድምፄን አጥፉልኝ!»

ሰውየው ላፕቶፑን አዞረላት። «እትዬ፣ መስመሩ እንዴት ሽቅብ እንደወጣ ተመልከቺ እንጂ! ሰዉ እኮ እየጎረፈ ነው።»

«ጎርፎ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው!»

«እሱ የመድኃኒት ክፍል ጉዳይ ነው። እኛ የምንለካው መምጣታቸውን ነው።»

ጉድ በሉ! ተጠርቶ መምጣት ተለካ፤ ተጠርቶ ማፈርን የሚለካ ግን ጠፋ። ዕውር እንኳ በበትሩ ዳብሶ ገደሉን ይለያል፤ የተማረ ዓይን ማየት የፈለገውን ብቻ ሲያይ በምን ይድናል?

መድኃኒቱ እንደገና የገባ ዕለት እታለም በገዛ ስልኳ ለአናጢው ደወለች። «አባባ፣ እኔ ነኝ፣ እታለም። መድኃኒትዎ...» ጆሮዋ ላይ ጠረቀሙባት። ደጋገመች፤ አላነሱም። ብዙም ሳይቆይ ግፊቱ ጣላቸው። ልጃቸው በቃሬዛ አስይዛ ስታመጣቸው አፋቸው ተጣሞ፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። እታለም እጃቸውን ልትይዝ ስትል በደኅናው እጃቸው ገፈተሯት።

በነጋታው አስተባባሪው ዘንድ ተመለሰች። ያን ቀን አልጮኸችም። «ድምፄን አታጥፉት፤ ይቅር። ግን አንዲት ነገር ልጨምርበት፦ ‹መድኃኒቱ አልቋል፤ እግርዎን አያድክሙ።› ባለቀ ቁጥር ይቺን አሰሙልኝ» ብላ ለመነች። መልእክት በጥናት መሐል አይነካም አሏት፤ እስከ ዛሬም የቀዳላት የለም።