የእማማ ተሻለች ነጥብ

ያደታ ያደገው ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ልጅ ሳለ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ውሃው ላይ ያረፉትን ወፎች ሲያይ ይውል ነበር። ቆይቶ ቆይቶ የትኛዋ እንደምትነሳ ገና ክንፏን ሳትዘረጋ ይታወቀው ጀመር። ዛሬ በአርባ ሁለት ዓመቱ፣ አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ የመድኃኒት መረጃ ሠራተኛ ሆኖም ሥራው ያው ነው፤ ውሃው ስክሪን፣ ወፎቹ ነጥቦች ሆኑ እንጂ።

እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ታካሚ ናት። ዕድሜውን፣ የኩላሊቱን ሁኔታ፣ የክኒኑን መጠን፣ መድኃኒት የጎዳው ሰው ሲገኝ የሚሞላውን ቢጫ ቅጽ፣ የሦስት ዓመቱን ሁሉ ያደታ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቷል። ኮምፒውተሩ ያንን አገናዝቦ መድኃኒቱ ሊጎዳው የሚችለውን ሰው ነጥብ አስቀድሞ ያቀላዋል። ዶክተር ሌንሳ በበሩ ስታልፍ «ነቢዩ፣ ዛሬስ ማንን አየህልን?» እያለች ትቀልድበታለች። ዝርዝሩን ይሰጣታል፤ እየሳቀች ትወስድና አንድ በአንድ ትደውልላቸዋለች።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳው። የስኳር ክኒን ከሚወስዱት መካከል ነጥባቸው አረንጓዴ የነበረ ሰዎች ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በባጃጅ ይመጣሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ቀጭ ቀጭ ሲል፣ ሰመመን ነገር ይዞት የታመሙትን በታመሙበት ቀን ደረደራቸው። ረቡዕ ላይ አንድ መንጋ አረፈ፣ ዓርብ ላይ ሌላ መንጋ። በረመዳን ደግሞ ወሩን ሙሉ። ክኒኑ በጠዋት ወይም ገና ሳይነጋ ይዋጣል፤ ምግቡ ይዘገያል፤ የደማቸው ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ ቅጽ አንዱም «ይጾማሉ ወይ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ጥያቄው ተጨመረ። ትልልቆቹ ግን አብዛኞቹ «አልጾምም» እያሉ መለሱ። አንዷ እማማ ተሻለች ነበሩ፣ የያደታ አከራይ። አሥራ አንድ ዓመት በጓሯቸው ሲኖር፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰላቸው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ተለኩሶ አያውቅም። ነጥባቸው አረንጓዴ ሆና ተቀምጣለች። ሁዳዴ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ሃምሳ አምስቱን ቀን በባዶ ሆድ ያን ክኒን ሊውጡ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፓፓያው ሥር ምስር ሲለቅሙ አገኛቸው።

«እማማ፣ አልጾምም ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«ይጾማሉ እኮ።»

«መጽሐፉን የምትሸመድዱት እናንተ ጴንጤዎቹ አይደላችሁ? ስትጾሙ ለሰው አትታዩ ይል የለ? ለጎረቤት ያላወራሁትን ለኮምፒውተርህ ላውራ?»

ያደታ፣ ሐኪም ጾም ያስፈታኛል ብለው የፈሩ መስሎት ሌላ መልስ ነበር ያዘጋጀው። ይሄ አልታሰበውም። አጠገባቸው ተቀመጠና ስለ ወፎቹ ነገራቸው፤ ሳያያት የተነሳችው ወፍ ሁልጊዜ እንደምታስደነግጠው ነገራቸው።

«እያወቅህ ለምን ራስህ አልጻፍክም?»

«ምስጢሩ የእርስዎ ነዋ። ሳይነግሩኝ እንዴት እጽፋለሁ?»

አንዲት ጠጠር ከምስሩ ለይተው ጣሉ።

«ጾም ብለህ አትጠይቀኝ። ቁርስ የማይበሉት መቼ መቼ ነው ብለህ ብትጠይቀኝ ግን እመልሳለሁ።»

ሰኞ ቅጹ በእሳቸው አነጋገር ተለወጠ። እማማ ጥቁር ጥላቸውን ይዘው መጡና ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን መለሱ። ዶክተር ሌንሳ ስኳራቸውን ለካች፤ የክኒኑን መጠን ቀንሳ ወደ ዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ አዛወረችው፤ ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ ግን ወዲያው ስኳር እንዲቀምሱ አስጠነቀቀች። በጾም ሰዓት ስለ መቅመሱ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንደሚነጋገሩ ነገሯት። ከዚያ ያደታ ክፍል ገብተው የትኛዋ ነጥብ እንደሆኑ ጠየቁት።

«ምነው ቀላሁ?»

«እንዳንረሳዎት ነው።»

በዚያ ሳምንት ሌሎቹም እውነቱን ሲመልሱ ብዙ ነጥብ ቀላ።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የታማሚዎቹ መንጋ በሚነሳበት ሰዓት፣ ያደታ ወደ መስኮቱ ሄደ። አስፋልቱ በሙቀት እንደ ውሃ ይርገበገባል። በዚያ ውሃ ላይ የእማማ ጥቁር ጥላ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳትደገፍ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ትመጣለች። መስኮቱ አጠገብ ስትደርስ ለሰላምታ ያህል ትንሽ ከፍ አለችና አለፈች። ዘወር ብሎ ስክሪኑን አየ። ቀይዋ ነጥብ እዚያው ናት፤ ክንፏን አልዘረጋችም።