ረይሃና በጣሪቅ ሱቅ የዋለችበት ሐሙስ

ረይሃና በጅማ መርካቶ ከጨርቅ ተራው ጀርባ ትንሽ የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮ አላት። የሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ወንድ ካሜራ ይዞ ስለማይገባ፣ ቡና ተለቅሞ የሰርጉ ወቅት ሲመጣ ጅማም አጋሮም የሚጠሩት እሷን ነው።

በአንዱ ወቅት የዙቤይዳን ሰርግ ልትቀርጽ አጋሮ ሄደች። የሙሽሪት አባት ሀጂ ሙሐመድሳኒ በጠና ታመው ነበር። ያም ሆኖ በሰው ተደግፈው ተነሱና እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ አድርገው በኦሮምኛ መረቋት። ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ረጅም ምርቃት መረቁ። ረይሃና ካሜራውን እንደያዘች አለቀሰች።

ጅማ ተመልሳ ቀረጻውን አዲስ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠችው። ዲስኩን የገዛችው እዚያው መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጠው ከጣሪቅ ነው። የፋይሎቹ ስም በትክክል ተደርድሮ ታየ። በማግስቱ ሌላ ሰርግ ስለነበረባት የካሜራው ካርድ ላይ ያለውን አጠፋችው።

ቪዲዮው ተቀናብሮ ሳያልቅ ሀጂ ሙሐመድሳኒ አረፉ። ዙቤይዳ ከለቅሶው ቤት ደወለች።

"ረይሁ፣ ሌላው ይቆይ። የአባዬን ምርቃት ብቻ ላኪልኝ።"

ረይሃና ልትከፍተው ብትል ፋይሉ አልከፈት አለ። ስሙ አለ፣ መጠኑ አለ፣ ውስጡ ምንም የለም። ዲስኩን ይዛ ኮምፒውተር ጠጋኙ ልዑልቃል ዘንድ ሮጠች። እሱም ሽፋኑን በመፍቻ ፈልቅቆ ከፈተው። ውስጡ በሙጫ የተለጠፈች የስልክ ሚሞሪ ካርድ የምታህል ነገር፣ ከጎኗ ደግሞ ክብደት እንዲኖረው የተቀመጠ ቁራጭ ብረት ተገኘ።

"ይሄ ዲስክ አይደለም" አላት። "ብዙ እይዛለሁ ብሎ ኮምፒውተሩን ይዋሸዋል። ከአቅሙ በላይ የሰጠሽውን ግን ስሙን አስቀርቶ ውስጡን ይጥለዋል።"

"መመለስ አይቻልም?"

"ያልተጻፈ ነገር ከየት ይመለሳል፣ ረይሃና?"

ለዙቤይዳ ደውላ እውነቱን ነገረቻት። ዙቤይዳ ስልኩን ዘጋችባት።

ከዚያ ረይሃና የተፈታውን ዲስክ ከነብረቱ ይዛ ጣሪቅ ሱቅ ገባች። ጣሪቅ በደንበኞቹ ፊት አገላብጦ አየውና ሳቀ።

"እህቴ፣ ፈታተሽ አምጥተሽው ምን ላድርግሽ? ከእኔ ሱቅ ስለመውጣቱስ ማን ያውቃል? አንቺ ካሜራሽን ያዢ፤ የኮምፒውተሩን ነገር ለሚያውቁት ተይው።"

ደንበኞቹም አብረውት ሳቁ። ረይሃና ዲስኩን ሰብስባ ወጣች። ያ ሳቅ ግን ተከትሏት ወጣ። ምግብ ስትበላ፣ ሰላት ላይ ስትቆም እንኳ ጆሮዋ ውስጥ ነው።

ልዑልቃል የዲስክ መፈተኛ ፕሮግራም አሳያት። ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ የሙከራ ፋይል ይጽፋል፤ ከዚያ የጻፈውን መልሶ እያነበበ ያመሳክራል። ጤነኛ ዲስክ የተቀበለውን ሁሉ ይመልሳል። አዲስ ዲስክ እስከ ጫፉ ሞልቶ መፈተን ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ሐሰተኛው ግን በሰዓታት ውስጥ ይጋለጣል።

ረይሃና ፕሮግራሙን ለመደችው። ከዚያ ሐሙስን ጠበቀች፤ ሐሙስ ገበያ ነው፣ ከየገጠሩ የመጣው ሰው መርካቶን ይሞላዋል።

"ሰላም ነህ ጣሪቅ? አዲስ ዲስክ ፈልጌ ነበር።"

"ያለፈውን ረሳሽው ማለት ነው?" አለ ፈገግ ብሎ።

"ይሄኛው ኦርጅናል ነው?"

"ወላሂ ኦርጅናል!" አለ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማ።

ከፈለችውና ላፕቶፗን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። "እንግዲያው እዚሁ ልፈትነው።"

በሰው ፊት ከማለ በኋላ እምቢ ማለት አልሆነለትም። ረይሃና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የገባው ሁሉ ምን እንደምትሠራ ይጠይቃታል፤ እሷም በአማርኛም በኦሮምኛም ድምጿን ሳትቀንስ ታስረዳለች። ቀትር ላይ ጣሪቅ ወደ ጓዳ ገባ፤ ወዲያው መብራቱ ጠፋ።

"መብራት ሄደ፤ ማል ጎና፣ ምን እናድርግ እንግዲህ!" እያለ ተመለሰ።

ከጎን ካለው ጁስ ቤት ግን የመፍጫው ድምፅ አሁንም ይሰማል። "የላፕቶፔ ባትሪ ሙሉ ነው" አለች ረይሃና። ይህን ጊዜ ሰው በጣሪቅ ሳቀ። ረይሃና ፊቱ ሲለዋወጥ አይኗን ሳትነቅል አየችው።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሰላት እንዳለፈ፣ ፕሮግራሙ መልሶ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ደህና ሄደ፤ ቀጥሎ ቀይ የስህተት ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው። ረይሃና ላፕቶፑን ወደ ሰዉ አዞረችው። ሱፊያን የሚባል የአጋሮ ቡና ነጋዴ ከቦርሳው ሌላ ዲስክ አወጣ። "ይሄንንም ከዚሁ ነው የገዛሁት። ሞክሪልኝ።"

ጣሪቅ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። "በአላህ ይዤሻለሁ፣ ዝጊው። ካሳውን አንቺው ጥሪ።"

"የሀጂ ሙሐመድሳኒን ድምፅ ስጠኝ።"

"ቤተሰብ አለኝ፣ ረይሃና። እኔም እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው።"

"እንደመጣልህ ከሆነ መብራቱን ለምን አጠፋህ?"

የሱፊያንን ዲስክ ተቀብላ ላፕቶፑ ላይ ሰካችው።

ረይሃና በዚያ አላበቃችም። ስቱዲዮዋ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥታ የማንንም ዲስክ በነፃ ትፈትን ጀመር፤ ሐሰተኛ ባገኘች ቁጥር "ከየት ገዛኸው?" ብላ ጮክ ብላ ትጠይቃለች። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ኡመይር ሊያስታርቁ መጡ።

"ልጄ፣ ሰውዬው ተዋርዷል። ይብቃሽ።"

"አባባ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን አልበቃኝም።"

የጣሪቅ ሱቅ ተዘጋ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ መሬት ላይ ዘርግቶ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። አንድ ቀን ረይሃና በባጃጅ ስታልፍ አይቷት ፊቱን አዞረ። እሷም ባጃጁን አስቆመች፤ ቀና ብሎ እስኪያያት ጠብቃ ሄደች። ደስ እንዳላት ለማንም አልደበቀችም።

ወሬው አጋሮ ደረሰ። ዙቤይዳ ከዚያ የለቅሶ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የድምፅ መልእክት ላከችላት።

"ጣሪቅን ያደረግሽውን ሰማሁ። እጅሽ ይባረክ፤ አንጀቴ ራሰ። አንቺን ግን አሁንም ማየት አልችልም።"

ረይሃና ደጋግማ አዳመጠችው። ስትጽፍ፣ ስታጠፋ ቆይታ ሳትመልስላት ቀረች። እዚያው ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር ሰርግ ነበረባትና ካሜራዋን አንግታ ወጣች።