የድንጋይ ቆጣሪዋ ዝውውር

«ድንጋይ ቆጣሪዋ» የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። የማዕድን ምህንድስና ተመርቃ ሥራ በያዘች በመጀመሪያው ወር አወጣላት፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ እሱም አልሰለቸው፣ ስሙም አልለቀቃት። እናቷ በበኩላቸው ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ እኮ መሬት ውስጥ ገብታ ነው የምትሠራው!» እያሉ ያወራሉ። እሷ ግን አንድም ቀን መሬት ውስጥ ገብታ አታውቅም። የምትውለው ከመዳብ ማውጫው በር አጠገብ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ ከአንድ ሺህ መቶ የእንጨት ሳጥኖች ጋር ነው። እናቷን ላለማሳፈር ዝም ትላለች፤ ዝምታው ግን ያንገበግባታል።

በየሳጥኑ የተደረደረው፣ መሰርሰሪያ ከመሬት ሆድ ያወጣው ዘነዘና የመሰለ ድንጋይ ነው። እሷ ታጥበዋለች፣ ትለካዋለች፣ ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደወጣ ሳጥኑ ላይ ትጽፋለች። ሥራው በደንቡ የጂኦሎጂስት ነበር። ጂኦሎጂስቱ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ሲሄድ «ለጊዜው አንቺ ያዢው» አሏት። ይህ «ለጊዜው» የሚሉት ነገር ዕድሜው ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

አምስት ዓመት የተማረችው ለዚህ አልነበረም። ድንጋይ እንዴት እንደሚፈነዳ፣ የዋሻ ጣሪያ በምን እንደሚደገፍ፣ ታች ያለ ሰው የሚተነፍሰው አየር በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ስታሰላ ዓይኗ ቀልቷል። ከክፍሏ ልጆች አንዱ የመኪና መንገድ ዋሻ ይቆፍራል፤ አንዷ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ተራራ ታፈርሳለች፤ ሁለቱ ባንክ ገብተው ክራቫት አሥረዋል። እነሱስ ቁርጣቸውን አውቀዋል። እሷ ግን የፈረቃ መሪነት ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ዓመት ታች መሥራት አለባት፣ ታች ልግባ ስትል ደግሞ «ልምድ የለሽም» ትባላለች። ልምዱን ከየት ታምጣው? ከገበያ ትግዛው?

ሦስት ዓመት ደጅ ጠንታ ዝውውሩ አንድ ሐሙስ ተፈረመላት። ሰኞ ታች ትገባለች። አዲሱን ሄልሜት ቤት ወስዳ ስታሳያቸው እናቷ ራሳቸው ላይ ደፍተው በመስታወት አዩት። ወንድሟ እንኳ ያን ዕለት የሚቀልደው ጠፋው።

አርብ ለርክክብ ሳጥኖቹን እየከፈተች ስትቆጥር ከአሥራ አራተኛው የመሰርሰሪያ ጉድጓድ የወጡት ላይ ደርሳ እጇ ቆመ። ከላይ፣ ከመሬቱ ወለል አጠገብ የሚወጣን ድንጋይ ዝናብና አየር ስለሚበላው ቀለሙ ዝገት ይመስላል፣ በጣትም ይፈረፈራል። ወደ ታች ሲወረድ ግራጫና ጠንካራ ይሆናል። እዚህ ግን የመጀመሪያው ሳጥን ግራጫ ነው። የዛገው፣ የሚፈረፈረው ያለው «ሁለት መቶ ሜትር» የሚል በተጻፈበት በመጨረሻው ሳጥን ውስጥ ነው።

የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው። ያኔ፣ በመጀመሪያው ወር፣ ዝናብ ቁጥራቸውን ያጠበባቸው ሳጥኖች በመኪና መጥተው ነበር። ሹፌሩ «ቶሎ በይ!» እያለ ሲያዋክባት ከመኪናው በወረዱበት ተራ ቁጥር ሰጠቻቸው። በመጨረሻ የተጫነ በመጀመሪያ እንደሚወርድ ያ ሁሉ ትምህርት አላስታወሳትም። ጉድጓዱ ከነሙሉ ቁመቱ ተገልብጦ ተመዘገበ። መቶ ሰባ ሜትር ላይ አለ ብላ የጻፈችው መዳብ ያለው ሠላሳ ሜትር ላይ ነው። ሰኞ እሷ የምትገባበት ፈረቃ ደግሞ ዋሻ መቆፈር የሚጀምረው ወደዚያ መቶ ሰባ ሜትር ነው።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ማንም አላየም፤ በሦስት ዓመት ያላየ ሰው ነገም አያይም። ሰኞ ገብታ ዝም ብትልስ? ግን ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ሰው ባዶ ድንጋይ ሥር ልታስገባ? እርር እያለች ሳጥኑን ተሸከመችና ዋና መሐንዲሱ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። አሥራ አራተኛውን ገልብጬ ነው የመዘገብኩት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ድንጋዩን በጥፍራቸው ፈረፈሩት። ስልክ አንስተው «የሰኞው ቁፋሮ ይቁም» አሉ። ቁጣ ስትጠብቅ ሳቁ።

«ልጄ፣ ከአንድ ዓመት ልፋት አዳንሽን እኮ! ስንቱ አይቶት አለፈ፤ እኔም ጭምር!»

ሸክሙ ቀለላት። «እንግዲያው ሰኞ ሌላኛው ዋሻ...»

«የምን ሰኞ? ከዚህ በኋላማ ያ ሁሉ ሳጥን እንደገና መታየት አለበት። ይህን ለይቶ የሚያይ ካንቺ ሌላ ማን አለን? አንቺን ከዚያ መጋዘን ማንሳት እብደት ነው።»

«እኔ እኮ የማዕድን መሐንዲስ ነኝ!» ጮኸች። በአለቃ ፊት ስትጮህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እሱማ ነሽ። ለጊዜው ነው» አሏት፣ የዝውውር ደብዳቤዋን ከጠረጴዛው አንስተው መሳቢያቸው ውስጥ እየከተቱ።

ሄልሜቱን ለማን እንደምታስረክብ እንኳ አልነገሯትም። ቤት ስትደርስ እናቷ በጨርቅ ወልውለው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል። ወንድሟ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ኢንጂነር! ነይ፣ ግቢ!» አላት። ምነው በስድቤ በጠራኝ አለች በልቧ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ልቀስቅስሽ?» አሏት እናቷ።

ጫማዋን ለማውለቅ አጎንብሳ፣ ቀና ሳትል መለሰችላቸው።

«እንደ ወትሮው፣ እማዬ።»